አራቱ ክኒኖች አንድ ሲሆኑ

ጋሽ አስፋ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአዲስ አበባ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው ዙሪክ አጠገብ፣ አድሊስቪል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሕብስት ጄኔቫ ውስጥ አንድ ዲፕሎማት ቤት እዚያው እያደሩ ይሠራሉ፤ ለጡረታቸው ሁለት ዓመት ስለቀራቸው ሥራውን መተው አልቻሉም።

ጋሽ አስፋ ለልብና ለደም ግፊት በቀን አራት ጊዜ አራት ዓይነት ክኒን ይወስዱ ነበር። ስለሚረሱ ወይዘሮ ሕብስት ሰዓቱን እየጠበቁ ይደውላሉ። የቤቱ እመቤት በሥራ ሰዓት ስልክ አይወዱም፤ ይህን የፈቀዱት ለመድኃኒቱ ሲባል ነው።

«ዋጥከው?»

«ዋጥኩት።»

ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰርቃሉ፦ ዛሬ ምን እንደተበላ፣ የጄኔቫ ሐይቅ ነፋስ የተሰጣውን ልብስ የት እንዳደረሰው።

በዚህ መሐል ጋሽ አስፋ የሚታከሙበት ሆስፒታል ለአዲስ የክኒን አሠራር ጥናት መረጣቸው። ሳራ የምትባል፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚያው ስዊዘርላንድ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ማሽኑን አሳየቻቸው። ስሪዲ ፕሪንተር ነው፤ መድኃኒቱን እንደ ቀጭን ክር እያወጣ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ክኒን ይሠራል።

«አልሶ» አለች፣ «እንግዲህ» ለማለት ጀርመንኛው እየቀደማት። «ጋሽ አስፋ፣ አራቱም እዚህ ውስጥ አሉ። ለእርስዎ ብቻ የተለካ ነው። ጠዋት አንዴ ይወስዳሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይሟሟል።»

ወይዘሮ ሕብስት ሲሰሙ እልል አሉ። «ተመስገን! ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የምደውለው።»

ግፊታቸው ተስተካከለ። ራሳቸውን ማዞሩም ተዋቸው። ነገር ግን ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ አስፋ ሳይታወቃቸው ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ዐሥር ሰዓት ላይም እንዲሁ።

በወሩ ሳራ ዘንድ ሄዱ። «ልጄ፣ ወደ ድሮዎቹ መልሺኝ።»

«ለምን? አመመዎት?»

«አላመመኝም። ባለቤቴ ቀን ቀን መደወል ተወች።»

ሳራ ከማሽኑ ዞር አለች። «ይሄ ክኒን ለእርስዎ ጥሩ ነው፣ አልመልስም። ግን ለምን ለእሳቸው አይነግሯቸውም?»

«በዚህ ዕድሜዬ ናፈቅሽኝ ልበል?»

«ምን አለበት?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሕብስት እረፍት ናቸው። ጋሽ አስፋ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ባቡር ተሳፍረው ጄኔቫ ወረዱና የቤቱን የጓሮ በር አንኳኩ።

ወይዘሮ ሕብስት ከፍተው ሲያዩዋቸው ክው አሉ። «ምን ሆንክ? መድኃኒቱን አልዋጥክም?»

«ዋጥኩት።»

«ታዲያ?»

«ናፍቀሽኝ ነው።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምተው አያውቁም። በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔስ ብትል? በምሳ ሰዓት ስልኩን አነሣና፣ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል ብዬ አስቀምጠዋለሁ።»

ያን ቀን ሐይቁ ዳር እስኪመሽ ተቀመጡ። ጣቢያው ላይ ወይዘሮ ሕብስት የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉላቸው።

«ሐሙስ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

ባቡሩ ሲነሣ ወይዘሮ ሕብስት በመስኮቱ ትይዩ ጥቂት እርምጃ ሮጡ። ጋሽ አስፋም ባዶ መቀመጫ ሞልቶ ሳለ እስከ ሎዛን ጣቢያ ድረስ በሩ አጠገብ ቆመው ወደ ኋላ እያዩ ሄዱ።