አባቴ ከደሴቱ በስተምሥራቅ ነኝ ያለ ቀን

አባቴ ሂልማር በአንድ ነገር ብቻ ይዋሻል፤ በዚያች በአንዷ ግን ከልቡ ነው። የት እንደሚያጠምድ ማንም ይጠይቀው ማን፣ ይዋሻል። ቄሱን ዋሽቷቸዋል። ሐኪሙንም ዋሽቶታል። እናቴ «ዛሬ ደግሞ የት ዋልክ?» ስትለው «እዚሁ እታች» ብሎ ሾርባውን ይቀጥላል። በእኛ በስካርቮይ ደሴት ይህ ነውር አይደለም፤ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ የማይዋሽ ካለ እንደውም ሰው ይታዘበዋል። የአባቴ ግን ልክ የለውም።

ልጅ ሳለሁ ጀልባው ላይ ይወስደኝ ነበር። ወደ ምስጢር ቦታው ስንቃረብ ሞተሩን ቀዝቀዝ ያደርግና «ቶርዲስዬ፣ እስቲ ነይ» ብሎ ባልዲ አናቴ ላይ ይደፋብኛል። የገዛ ልጁን! ያውም በዓሣ ባልዲ! «አባዬ፣ ይሸታል!» ስለው «ዝም በይ፣ ትንሽ ነው» ይለኛል። ባልዲው የሚነሳልኝ ተመልሰን የቤታችን ጭስ ማውጫ ሲታይ ነው። ቦታው የሚገኘው በባሕሩ ዳር ያሉ ሁለት ሁለት ምልክቶችን አንዱን ከሌላው ጋር በማስተያየት ነው፤ ምልክቶቹ ከቅድመ አያቴ ለአያቴ፣ ከአያቴ ለአባቴ በጆሮ የተነገሩ ናቸው። የሚነገረው ለወንድ ልጅ ነው። አባቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። ይህ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ አንገብግቦኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

ይሁን እንጂ ባልዲው ዓይኔን ጋረደ እንጂ አፍንጫዬን አልደፈነም። ከደሴቱ በስተምዕራብ የወፎች ገደል አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ወፍ ሲጮህበት ይውላል፣ ሽታውም አያድርስ ነው። እዚያ ስንደርስ ከዓሣው ሽታ በላይ ይሸተኝ ነበር። ትክክለኛዋን ነጥብ ባላውቅም ሰፈሩን አውቀዋለሁ ማለት ነው። ለአንድም ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ታዲያ ይህች ባልዲ የተደፋባት ልጅ አድጋ ምን ሆነች? ሚሳኤል ተኳሽ። የባሕር ኃይሉ ትንንሽና ፈጣን የሚሳኤል መርከቦች አሉት፤ ከነሱ በአንዷ ላይ ነኝ። ዛሬ የባሕር ጦርነት ፊት ለፊት ተፋጦ መድፍ መታኮስ አይደለም። ትልቁ መርከብ ሳያይሽ ቀድመሽ ካየሽው፣ ከድንጋይ ጀርባ ሆነሽ ትለቂበታለሽ። ሚሳኤሉ ማዕበሉን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ዝቅ ብሎ፣ ደሴቶቹን እየዞረ ሄዶ ያገኘዋል፤ እዚያ ያለው ሰው አይቶት ጸሎት ለመጀመር እንኳ ጊዜ የለውም። አንቺ ደግሞ ሮጠሽ ሌላ ድንጋይ ጀርባ ትገቢያለሽ። ሬዲዮ መዝጋት፣ ያሉበትን አለመናገር፣ ጠላትን ማሳሳት ነው ሥራው። አሠልጣኞቻችን ይህን ሲያስተምሩ ሌሎቹ ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ እኔ ግን ሳቄ ይመጣብኝ ነበር። ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ትምህርት ነዋ!

እውነተኛ ሚሳኤል መተኮስ ግን እንደ ዕጣ ነው። ዓመቱን ሙሉ በማስመሰል ነው የምንተኩሰው፤ ቁልፉ ይጫናል፣ ምንም አይወጣም፣ ቡና እንጠጣለን። ዘንድሮ ዕጣው ለእኛ መርከብ ወጣ፣ ጣቱም የእኔ ሆነ። ቀኑ ሐሙስ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሠርጌ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንቅልፍ እንደነሳኝ እጮኛዬ ኤይቪንድ ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

ዒላማው ጡረታ የወጣ አሮጌ መርከብ ነበር፤ ታጥቦ፣ ዘይቱ ተመጥጦ፣ ክፍት ባሕር ላይ በመልሕቅ ታስሮ ቆሟል። ሚሳኤሉ ከወፎች ገደል ጎን አልፎ ነው ወደሱ የሚሄደው። ስለዚህ ከደሴቱ በስተምዕራብ ያለው ባሕር በሙሉ ዝግ ነው፤ ሳምንቱን በሙሉ በሬዲዮ ሲነገር ከርሟል። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ደውላ «አባትሽ ለሠርግሽ ዓሣ ሊያመጣ ወጥቷል፤ በዓል መስሎታል፣ እያፏጨ ነው የሄደው» አለችኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም።

ካፒቴናችን ብሬኬ የበርገን ከተማ ሰው ነው፤ ያውም ከዚያ መምጣቱን የማይረሳ፣ የማያስረሳም። ከመተኮሳችን በፊት በአካባቢው ያሉ ጀልባዎችን አንድ በአንድ በሬዲዮ ጠራ። ሁሉም ያለበትን ተናገረ። በመጨረሻ በእናቴ ስም የተሰየመችው የአባቴ ጀልባ «ሶልቬይ» ተጠራች።

«ሶልቬይ ነኝ» አለ አባቴ በዚያ በሚያጉረመርም ድምፁ። «ከደሴቱ በስተምሥራቅ ነኝ። ምንም አይይዝም።»

«አመሰግናለሁ አባት። መልካም ቀን» አለ ካፒቴኑ። ወደኛ ዞሮም «ባሕሩ ጸድቷል። ቶርዲስ፣ ተዘጋጂ» አለኝ።

እጄን ከቁልፉ አነሳሁ። አባቴ ሳይለመን፣ ሳይደገምለት፣ ያለበትን በግልጽ ተናገረ! ምሥራቅ አለ። ምንም አይይዝም አለ። እሱ «ምንም አይይዝም» ካለ ዓሣው ክንዱን ሊገነጥልለት ደርሷል ማለት ነው። ፉጨቱም ያኔ ገባኝ። ዝግ የሆነው ባሕር ለሌላው ሰው አደጋ ነው፤ ለአባቴ ግን ገነት ነው። ጎረቤት ሁሉ ከዚያ ይወጣል፣ አንድም ሰው አያየውም! ጉድ ፈላ፣ አልኩ በሆዴ።

«አለቃ፣ ይቁም!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ተገኘ?»

«አባቴ ዋሽቷል።»

ራዳር ላይ የተቀመጠው ስቬረ ሳቁን መያዝ አቃተው። ካፒቴኑ አልሳቀም። «በምን አወቅሽ?»

«የት እንዳለ ተናገረ እኮ! የወፎቹ ገደል ሥር ነው ያለው። ሚሳኤሉ በሚያልፍበት።»

«ራዳሩ ላይ ምንም የለም» አለ ስቬረ።

«የእንጨት ጀልባ ነው፣ ከድንጋዮቹ መሃል ተወሽቋል። አንተ በራዳር ልታየው? ጎረቤታችን ኦድሌይፍ ዕድሜውን ሙሉ በመነጽር ሲያድነው ኖሮ አላገኘውም!» ባሕሩን እንዲያስስልን የተመደበው ሄሊኮፕተር ገደሉ በጉም ሳይሸፈን በፊት ዞሮ አይቶ ማንም የለም ብሎ ነበር፤ አሁን መሬት ላይ ቆሞ ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቃል። ሚሳኤሉ እንደ ሰው በዓይን የሚያይ ነው፤ መርከብን ከጀልባ ይለያል ይላሉ የሠሩት። ይለይ ይሆናል። አባቴን አስይዤ ግን አልወራረድም።

ካፒቴኑ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አነሳ። «እንግዲያው ከወፎች ገደል ሥር ውጣ እለዋለሁ፣ አለቀ።»

እጁን ያዝኩት። የካፒቴን እጅ! «አለቃ፣ በሞቴ! በዚህ ሬዲዮ የደሴቱ ጀልባ በሙሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ ነው። የገደሉን ስም ከጠራህ ነገ ጠዋት ኦድሌይፍ ከነዘመድ አዝማዱ እዚያ ነው። የአባቴ የአባቱ የአያቱ ቦታ ነው። ቦታውን ካጣ በኋላ አባቴ ቢኖር ምን ዋጋ አለው?»

«ከሞተስ?»

«አንድ ደቂቃ ስጠኝ። ካልሆነልኝ የገደሉን ስም ራሴ እጠራዋለሁ።»

ካፒቴኑ አየኝ። መነጋገሪያውን እጄ ላይ አኖረው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሶልቬይ፣ ሶልቬይ። የባሕር ኃይል ነው።»

«አቤት» አለ አባቴ። ድምፄን እንዳወቀው አወቅሁ።

«ምሥራቅ መሆንዎ ደስ ብሎናል። ለማንኛውም ለደኅንነትዎ ሲባል ሄሊኮፕተር ልከናል። የሞተርዎን ሙቀት ተከትሎ ያሉበትን ያገኛል። ተኩሱ እስኪያልቅ ልክ ከአናትዎ በላይ መብራቱን አብርቶ ይቆማል። ከሩቅ ስለሚታይ ሌሎች ጀልባዎች ያለ ችግር ያዩዎታል።»

የመርከባችን ሰው በሙሉ ወደ ሬዲዮው ተጠጋ።

«አያስፈልግም» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ምን ሰውየውን ታደክማላችሁ?»

«ድካም የለበትም። ሥራው ነው።»

«ነዳጁስ? የመንግሥት ነዳጅ!»

«ለእርስዎ ያልሆነ ነዳጅ ለማን ሊሆን ነው?»

ይኼኔ ሌላ ድምፅ ጥልቅ አለ፤ ኦድሌይፍ ነው፣ ድምፁ ማር የተቀባ ይመስላል። «ሂልማር ወንድሜ፣ ተው እንጂ ይምጣልህ! እኛም በመብራቱ እናይሃለን። ናፍቀኸናል እኮ!»

«አንተ አርፈህ መረብህን ስፋ!» አለ አባቴ። ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ እያለ «ባሕር ኃይል፣ ሄሊኮፕተሩን መልሱት። እኔ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። ባለቤቴ እየጠራችኝ ነው» አለ።

ብዙም አልቆየ፣ ስቬረ ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸውና! ከድንጋዮቹ መሃል አንድ ነጥብ ወጣ! ወይ ጉድ፣ ያ አሮጌ ጀልባ እንዲህ ይሮጣል እንዴ?» ነጥቡ ጉሙን ተገን አድርጎ፣ የባሕሩን ዳር ዳር ይዞ፣ ደሴቱን በሰሜን በኩል ዞረ። ከሰሜኑ ጫፍ እስኪሰወር ድረስ ሁላችንም አንድ ራዳር ላይ ተደፍተን አየነው። ካፒቴኑ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ይህንን ሰው ለማሠልጠኛ ቤቱ እፈልገዋለሁ» አለ።

በመጨረሻም ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ሶልቬይ ነኝ» አለ አባቴ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ከደሴቱ በስተምሥራቅ ነኝ።»

ያቺ አባቴ በሬዲዮ የተናገራት የመጀመሪያዋ እውነት ሳትሆን አትቀርም። ነፍሴ መለስ አለች።

ጉሙም ተገፈፈ፤ ሄሊኮፕተሩ ተነስቶ ገደሉን ዞሮ አየና ባዶ ነው አለ። ካፒቴኑ «ተኩሺ» አለኝ፤ ተጫንኩ። መርከቧ ተንቀጠቀጠች፣ ጭሱ መስኮቱን ሸፈነው፣ ከጭሱ ውስጥ ያ ረጅም ነገር ወጥቶ ወደ ውሃው ዝቅ አለና በወፎቹ ገደል ጎን ሽው ብሎ ተሰወረ። የገደሉ ወፍ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በዒላማው አጠገብ ያለው ካሜራ አሮጌውን መርከብ ብቻውን ቆሞ ያሳየናል፤ ማዕበሉ ቀስ እያለ ይወዘውዘዋል። ድንገት ከውሃው ጋር የተለጠፈ አንድ ጭረት ታየ፤ ዓይን ሳይከተለው የመርከቡ ወገብ በእሳት ተከፈተ። ጮህን! ስቬረ አቀፈኝ፣ ካፒቴኑ አቀፈኝ፣ ወጥ ሠሪው ዋፍል የሚባለውን ትኩስ ቂጣ ከነጃሙ ይዞ መጣና እሱም አቀፈኝ። ደስታዬን ምን ላድርገው! ጃሙ በደንብ ልብሴ ላይ እስከ ማታ ነበር።

ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ዓሣው ቀረበ። ክቬይቴ ይባላል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ይኼኛው የአባቴን ጀልባ ቤት በር ያክል ነበር። ለመላው ሠርገኛ በቅቶ ተረፈ። ኦድሌይፍ ሦስተኛ ሳህኑን ይዞ «ሂልማር፣ ይህን የመሰለ ከምሥራቅ በኩል ነው?» ቢለው አባቴ «ከምሥራቅ» ብሎ ድንቹን አቀበለው።

ከሙሽራው ጋር ከጨፈርኩ በኋላ አባቴ እጄን ያዘ። ጭፈራ አይችልም፤ ዝም ብሎ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ትንሽ ዞረን ሲያበቃ ጆሮዬ ሥር «ያ ሄሊኮፕተር» አለ። «ያኔ ተነስቶ ነበር?»

«አልተነሳም። መሬት ላይ ቆሞ ነበር።»

ቀጥ አለ። «ዋሸሽኝ?»

«ዋሸሁህ አባዬ።»

«በሬዲዮ? ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«ሰው ሁሉ እየሰማ። የገደሉን ስም ከምጠራ ብዬ።»

ፊቱን አየሁት፤ የሚቆጣ መሰለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ከባልዲው ሥር ሆነሽ አውቀሽዋል ለካ» አለ። «ስንት ዘመን! ትንፍሽ ሳትይ!» ከዚያ በሻካራ እጁ አንገቴን ሳብ አደረገና አፉን ጆሮዬ ላይ ገጥሞ ነገረኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምልክቶች፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለት፤ የትኛው ጫፍ ከየትኛው ጋር ሲገጥም ሞተሩ እንደሚጠፋ። ቅድመ አያቴ እንደነገረው፣ አያቴ እንደነገረው። ሁለቴ ደገመልኝ። እኔም በሹክሹክታ መልሼ አልኩለት፤ «ልክ ነው» አለ። ትከሻው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሙዚቃው የፈጠነ ስለነበር ያየን ሰው ሁሉ የምስቅ መስሎታል። እስቅም ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ካፒቴን ብሬኬ ብርጭቆውን ይዞ ወደኔ አዘነበለ። ለካ ሲያየን ኖሯል። «እኔ እንኳ የሩቅ ሰው ነኝ» አለኝ፣ «ነገ ደግሞ ወደ በርገን እሄዳለሁ። ለማንም አልናገርም። የት ነው አለሽ?»

ዓይኔን ሳላሽ እጄን ዘርግቼ በመስኮቱ አሳየሁት።

«ከደሴቱ በስተምሥራቅ» አልኩት። «ግን ምንም አይይዝም።»