ዓይኑን ሲጨፍን የሚወድቀው ሰው

"እግርዎን ገጥመው ይቁሙ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ" አለች ሐኪሟ።

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ከመጨፈኑ ወደ ፊት ተንገዳገደ። ደረቱን ደግፋ ባትይዘው ኖሮ ከጠረጴዛው ጋር ይላተም ነበር።

"እንዲህ ነው! ፊቱን ሲታጠብም ልክ እንዲህ ነው የሚወድቀው" አለች ሚስቱ ከወንበሯ ብድግ ብላ። "እኔ ደግሞ ተደብቆ የሚጠጣ መስሎኝ በየጠዋቱ አፉን ሳሸት ከረምኩ!"

"ከሳሙና ሌላ የሸተተሽ ነገር አለ?" አላት።

ሐኪሟ ፈገግ አለች እንጂ ሥራዋን አላቆመችም። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገችው፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ ላይ ባትሪ አበራች፤ ብሌኑ ብርሃኑን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጆሮ ነው፣ ደም ማነስ ነው እየተባለ በየክሊኒኩ ሲንከራተት፣ ዓይንህን ጨፍን ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ለእሱ ምላጭ አንገቱን አምኖ የሚሰጥ ደንበኛም ከጠፋ ሰንብቷል። ሚስቱ የጭንቅላት ዕጢ ነው ብላ ደምድማለች። ደሙ ተመርምሮ፣ ቀጥሎ ከጀርባው ፈሳሽ ይቀዳ ሲባልማ ጭራሽ እርግጠኛ ሆነች።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሟ እሱን ብቻ አስገባችው።

"ቂጥኝ ነው። ብዙ ዓመት ተደብቆ ኖሮ ነርቭዎ ውስጥ ገብቷል።"

ከጋብቻው በፊት ያሳለፈው ጉርምስና ፊቱ ላይ ድቅን አለ። "ይገድላል?"

"ይታከማል። ሁለት ሳምንት ተኝተው በደም ሥር ፔኒሲሊን ይወስዳሉ። የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል፤ እንዳይብስ ግን እናቆመዋለን። ባለቤትዎም መመርመር አለባቸው።"

እፎይ ከማለቱ መልሶ ጨነቀው። "ዶክተር፣ እባክዎ ነርቭ ነው ብቻ ይበሉልኝ።"

"ታዲያ ለምን እንደሚመረመሩ በምን ይገባቸዋል?"

ከበሩ ውጭ ሚስቱ ስታለቅስ ተሰማው። አላስቻለውም። ግድግዳውን እየደገፈ ወጣና አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት።

"ዕጢ አይደለም?"

"ቂጥኝ ነው አልኩሽ እኮ። ካንቺ በፊት የያዘኝ።"

"ሰምቻለሁ! ዕጢ አይደለም ወይ ነው የምልህ?"

"አይደለም።"

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተኮሳተረ። የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

"ደም የሚቀዳው የት ነው? ቤት ስንገባ ግን አለቅህም፣ እንዳይመስልህ" አለችና ክንዷን ሰጠችው። "በል ያዝ፣ ደረጃ አለ።"