በእድሩ ድንኳን ውስጥ የነበረው ባሕር

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የባሕር ፊልም ለመሥራት መነሣት ድፍረት ይጠይቃል። ቤዛብሕ ድፍረቱ ነበረው፤ ያልነበረው ባሕሩ ነው። ከጳውሎስ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በእናቱ በወይዘሮ አፀደ ግቢ ውስጥ፣ ባሕር የሚል ስም ያለው ነገር ቢፈለግ የሚገኘው ከአጥሩ ጥግ የበቀለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር።

ይህ ፍቅር የያዘው ገና በልጅነቱ፣ በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። በዚያ ቤት መርከብ የሚውጡ፣ ድልድይ የሚያኝኩ፣ አንገታቸው ላይ ግን የስፌታቸው ክር የሚታይ የባሕር አውሬዎች ይታዩ ነበር። ከተመልካቹ ግማሹ «ይሄም ፊልም ሆኖ!» ብሎ ይወጣል፤ ግማሹ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ተሳድቦ የወጣውም በሳምንቱ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ይገኛል። ከልቡ የሚፈራው ቤዛብሕ ብቻ ነበር። «ክሩ ይታያል እኮ!» ሲሉት፣ «አውሬውም ይታያል» ብሎ ይመልሳል።

አሁን በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ከአሠሪው በተዋሰው ካሜራ የራሱን የባሕር አውሬ ፊልም ሲቀርጽ ከርሞ፣ የቀረው አንድ ትዕይንት ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ አውሬውን አይቶ በድንጋጤ የሚሸሽበት። ያለዚህ ትዕይንት ፊልሙ ፊልም አይሆንም፤ ማንም ያልሸሸውን አውሬ ማን ይፈራዋል? ዋና ተዋናይቱ ሲና ደግሞ በማግስቱ ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች። ለአንድ ቁም ነገረኛ ተከታታይ ድራማ ተመርጣለችና ዛሬ ካልተቀረጸ መቼም አይቀረጽም።

ስለዚህ ቤዛብሕ አጎቱን ጌቱን ለመነ። ጌቱ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነው። የእድሩ ድንኳን ሸራ ሰማያዊ በመሆኑ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ከባሕር ሥር ያለ ይመስላል። ጌቱም ራሱን እየነቀነቀ፣ «በር ዝጉ፤ እስከ ማታ መልሱ፤ እኔ ግን አላየሁም» ብሎ አወጣለት። ወይዘሮ አፀደ የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ሆስፒታል ስለ ገቡና የሚወጡት ነገ ስለሆነ፣ በግቢው ውስጥ «ምን እየሠራህ ነው?» የሚል አልነበረም።

ድንኳኑ በጠዋት ተተከለ። ከዳር ዳር አግዳሚ ተደረደረ፤ አውሬውም መሐል ላይ ቆመ። አንገቱ የፍሳሽ ቱቦ፣ ቆዳው አረንጓዴ የተቀባ ማዳበሪያ፣ ዓይኖቹ የአሮጌ መኪና የኋላ መብራቶች ነበሩ። ከውስጥ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው የቤዛብሕ ጓደኛ አድነው ነው። «እመጣለሁ» ያለው አጃቢ ሁሉ ግን ቀረ።

«ቤዛ፣ እውነቱን ልንገርህ?» አለችው ሲና፣ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። «ትወና የተማርኩት ጀሪካን አዝዬ ከፍሳሽ ቱቦ ጋር ልታገል አልነበረም።»

«ጀሪካን አይደለም። የጠላቂ አየር ማጠራቀሚያ ነው።»

«"ንጹሕ የምግብ ዘይት" ይላል እኮ!»

«ጀርባሽን ለካሜራው አትስጪዋ።»

«እናንተ ተጨቃጨቁ» የሚል ድምፅ ከአውሬው ሆድ ወጣ። «እኔ እዚህ ውስጥ ተቀቅዬ አልቄያለሁ።»

ቤዛብሕ በሩን ዘግቶ ነበር፤ ዳገት ላይ እንደሚኖር ግን ዘነጋ። ከላይኛው መንገድ ለሚያልፍ ሰው የታችኛው ግቢ እንደ መሶብ ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። በዚያ ሰፈር ድንኳን ያየ ሰው ደግሞ «ማን ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ የሚጠየቀው ኋላ ነው። በዚህ ግቢ ግን የሚጠየቅም አልነበረም። አፀደ ሆስፒታል መግባታቸውን የማያውቅ ጎረቤት የለማ!

«ቀረጻ!» ሊል አፉን ሲከፍት በሩ ተበረገደ።

«ወይኔ አፀደ! ወይኔ እህቴ! ሳልጠይቅሽ!»

ከፊት የመጡት እትዬ ገበያነሽ ነበሩ፤ በልቅሶ ግጥም ከሽሮ ሜዳ እስከ ጳውሎስ አቻ የማይገኝላቸው ሴት። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለ። እትዬ ገበያነሽ መጀመሪያ ያገኟት ሲናን ነበርና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙባት።

«አንቺ ደግ ልጅ! ቀድመሽ ደርሰሽ ውኃ ልትቀጂ ነው? ጀሪካንሽን አዝለሽ!»

«እትዬ፣ እኔ እንኳን… ማለቴ…»

የሚሰማት የለም። ለቀስተኛው አግዳሚውን ሞላው። ፊቱን በነጠላ የሸፈነ ሰው አውሬ አያይም፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ትካዜ ሲጫናቸው ጅራቱ ላይ ተደገፉ። እትዬ ገበያነሽም ከመሐል ቆመው አወረዱት፦

«አፀድ ነበር ደጇ፣ አፀድ ነበር ግቢዋ፣
እንግዲህ ማን ያጠጣው? ደረቀ አበባዋ!»

ድንኳኑ በዋይታ ተናጠ። ቤዛብሕ ከካሜራው ኋላ ደርቆ ቀረ። ካሜራው ቀድሞ በርቶ ስለነበር ይቀርጻል። በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ እውነተኛ እንባ፣ እውነተኛ ሐዘን፣ በልመና ያላገኘው ሕዝብ ሞልቶ ነበር።

«ቅረጽ!» አለ የአውሬው ሆድ በሹክሹክታ። «ምን ትጠብቃለህ? እግዜር የላከልህ ነው!»

ሲና በለቀስተኛው መሐል ቀና ብላ አየችው። ቤዛብሕ ደግሞ እትዬ ገበያነሽን አየ። ስለ እናቱ አበባ እያለቀሱ ነው፤ አበቦቹን በእርግጥም ያውቋቸዋል፤ ችግኙን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ካሜራውን አጠፋና የተቀረጸውን ሰረዘ። ከዚያ እጁን አነሣ።

«እባካችሁ! ስሙኝማ! እናቴ አልሞተችም!»

«አይዞህ ልጄ» አሉት አንድ ሴት፣ ራሱን ደረታቸው ላይ እየጫኑ። «መጀመሪያ እንዲህ ነው። አይታመንም።»

በዚህ መሐል ታክሲ ከበር ቆመ። ሐኪሞቹ ወይዘሮ አፀደን አንድ ቀን ቀድመው አሰናብተዋቸው ነበር። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። በደህናው ዓይናቸው በገዛ ግቢያቸው የተተከለውን ድንኳን አዩ፤ የጎረቤታቸውን ዋይታ ሰሙ። ቤት የቀረው ልጃቸው ብቻ ነበር።

«ልጄን!» ብለው ጮኹና ዘለው ገቡ።

ለቀስተኛው ቀና አለ። የሚያለቅስላት ሴት ነጭ ለብሳ፣ ፊቷ ተጠቅልሎ፣ እጆቿን ዘርግታ ስትመጣ አየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። በስመ አብ ያለው በስመ አብ አለ፤ ጌታ ኢየሱስን የጠራው ጠራ፤ ሁሉም ግን ሮጠ። አግዳሚው ተገለበጠ። ጅራቱን የተደገፉት ሽማግሌ ከጎረምሶቹ ቀድመው አጥር ዘለሉ። የሕዝቡ ጎርፍ አውሬውን መሐል አንገቱ ላይ ረግጦት አለፈ፤ ከሆዱም «አድነው ነኝ! ሰው ነኝ!» የሚል ጩኸት ሲወጣ፣ ለሽሽቱ አዲስ ጉልበት ሰጠው። ቤዛብሕ ዕድሜውን ሙሉ ያለመው ትዕይንት በፊቱ አለፈ፤ ካሜራው ግን ጠፍቶ ነበር።

ወይዘሮ አፀደ ለሸሸው ሕዝብ ደንታ አልነበራቸውም። ልጃቸው ዘንድ ደርሰው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጆሮውን፣ ግንባሩን፣ አገጩን ዳበሱት።

«አለህ?»

«አለሁ እማዬ።»

«እንግዲያው እኔ እገድልሃለሁ!» አሉና ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ።

ሰዉ አንድ በአንድ ተመለሰ፤ አፀደን እየነካ፣ ሙቀታቸውን እየለካ። ቤዛብሕም ጥፋቱን ሁሉ ተናዘዘ።

«ስለዚህ» አሉ እትዬ ገበያነሽ፣ «ያን ሁሉ ግጥም ያፈሰስኩት በሕይወት ላለች ሴት ነው?»

«ደግሞስ አበባዬ የት ደረቀ?» አሉ አፀደ፣ ቅር ተሰኝተው።

«ዝም በይ አንቺ፤ ስትሞቺ ሌላ እገጥምልሻለሁ። የታለ ይሄ አውሬ?»

አሳያቸው። አንገቱ ተቆልምሞ፣ አንድ ዓይኑ ወልቆ፣ አድነው በሆዱ ቀዳዳ ላብ በላብ ሆኖ ብቅ ብሏል። እትዬ ገበያነሽ ትኩር ብለው አዩትና፣ «ሰው የሚበላው… ይሄ ነው?» አሉ። ሳቃቸው አመለጣቸው። ከሳቸው ወደ ጎረቤታቸው፣ ከጎረቤታቸው ወደ ድንኳኑ ሁሉ ተዛመተ።

ቤዛብሕ እጅግ አፈረ። ቢሆንም ነገ ሲና የለችም፤ ሕዝቡ ደግሞ አሁን አለ። «እባካችሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ከእሱ ሽሹልኝ።»

«ለአፀደ መትረፍ ስንል እንሸሻለን» ተባለ። ካሜራው በራ፤ አውሬው እየተንገዳገደ ተነሣ፤ ሲና ከፊት ሆና ጮኸች፤ ሕዝቡም ሮጠ። ግን ሆዱን ይዞ፣ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነበር የሮጠው።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ቤዛብሕ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ። «ማንም አልፈራም።»

ሲና ካሜራውን ከእጁ ወሰደችና የተቀረጸውን መልሳ አየችው። ከዚያ ድምፁን ዘግታ እንደገና አየች። «ና እስኪ፣ እየው።»

አየው። ድምፅ የሌለው ሕዝብ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ይዞ በሰማያዊው ውኃ ውስጥ ይሸሻል። ሲስቅ ነው ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም።

«ተዋናይ እንዲህ ለማልቀስ ዓመት ይማራል» አለች ሲና። የብየዳ መነጽሯን ከግንባሯ አላወለቀችም። «የጎደለው ድምፅ ብቻ ነው።»

ሁለቱም እትዬ ገበያነሽን አዩ።

«እኔ? ለፊልም ላለቅስ?» አሉ እሳቸው። ቅሬታ ያለበት ድምፅ አልነበረም። «እሺ። ግን ለማን ነው?»

«አውሬው ለበላቸው ሰዎች።»

«እኮ፣ ማን ማን ናቸው?»

«ስም የላቸውም፣ እትዬ» አለ ቤዛብሕ። «እንዲሁ… የሚበሉ ሰዎች ናቸው።»

«ሰው እንዲሁ ይበላል? እናት የለውም? ሰፈር የለውም?» እትዬ ገበያነሽ ከልባቸው ተቆጡ። «ማን እንደሆነ፣ ምን ይወድ እንደነበር ሳላውቅ አላለቅስም። እኔ ሙያ አለኝ!»

ወይዘሮ አፀደ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው በአንድ ዓይናቸው ልጃቸውን ተመለከቱ። «ንገራታ። አንተ አይደለህ ያስበላኻቸው?»



«የመጀመሪያው ሙዘይን ይባላል» አለ ቤዛብሕ ቀስ ብሎ። «መርከበኛ ነው። እናቱ ስትደውልለት ሁልጊዜ "ደርሻለሁ" ይላታል፤ ገና ከአልጋው ሳይነሣ።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ገበያነሽ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ። «ቀጥል።»