የቆመው የደም ስር

አልትራሳውንድ የምታነሳው ባለሙያ መሣሪያውን በትንሿ ልጅ የተሰፋ ሆድ ላይ ሦስት ጊዜ አዟዟረችው። ስክሪኑ ላይ ደም ሲያልፍ ቀልቶ መታየት የነበረበት ቦታ ጥቁር ነው።

"ምንድነው?" አለች እናት።

"ወደ አዲሱ ጉበት ደም የሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ደም ረግቷል። ቶሎ ካልተከፈተ ጉበቱ ይሞታል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራላት ዶክተር ደግሞ ስልኩን ዘግቷል።"

"የት ነው ያለው?"

"ታች አዳራሽ። መግለጫ እየሰጠ።"

መግለጫው ስለዚህችው ልጅ ነበር። ከአባቷ ተቆርጦ የተሰጣት ጉበት ከሦስት ቀን በፊት ያለ እንከን ተተክሏልና ሆስፒታሉ ራሱን እንኳን ደስ ያለህ እያለ ነው። እናት ወደ ታች ሮጠች። የአዳራሹ በር ላይ የቆመው ዘበኛ "ማንም እንዳይገባ" ከተባለ የገዛ እናቱን የሚመልስ ግዙፍ ሰው ነው።

"እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"ልጄ እየሞተችብኝ ነው።"

"ልጅቱማ ድናለች። አሁን ሲናገሩ በጆሮዬ ሰማሁ።"

እናት ቴስታ አቀመሰችው። ከአፍንጫው ደም ተንዠቀዠቀ። ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው አጥንቷ ቀጭ አለ፤ ሁለቱም ሰሙት። እሱ ደንግጦ ለቀቃት። እሷ ለመደንገጥ ጊዜ አልነበራትም፤ በሩን በእግሯ በርግዳ ገባች።

ቀዶ ሐኪሙ "ፍጹም ስኬት" የሚለው ላይ ደርሶ ነበር።

"ወይዘሮ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው የሚወሰደው" ብሎ መንገዷ ላይ የተገተረውን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ከነማይክሮፎኑ ገፍታ ጣለችው። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ብርጭቆው እንክትክት አለ። በደህነኛው እጇ የሐኪሙን ከረባት ጨምድዳ ፊቱን ወደ ፊቷ ጎተተችው።

"ቧንቧው ተዘግቷል።"

ሐኪሙ አመድ መሰለ። ማን አየው ብሎ እንኳን አልጠየቀም። ከረባቱን አውልቆ እጇ ላይ ትቶላት ሮጠ።

በጥንቃቄ የሰፋውን ክር ራሱ እየበጣጠሰ የልጅቷን ሆድ ከፈተ። የረጋውን ደም ከቧንቧው መዞ ሲያወጣው ተከትሎ የፈነዳው ትኩስ ደም መነጽሩን መታው።

ከአራት ሰዓት በኋላ ሲወጣ እናት የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ዘበኛው አፍንጫውን በጥጥ ወትፎ አጠገቧ ቆሟል፤ አስወጣት ተብሎ ነበር፣ አላስወጣትም።

"ደሙ እየሄደ ነው" አለ ሐኪሙ። "የጉበቱ ጫፍ ሞቶ ስለነበር ቆርጬ ጥያለሁ።"

"የቀረውስ?"

"የቀረው ደህና ነው። እንደገና ይዘጋ እንደሆነ ግን አላውቅም።" ያበጠ ክንዷን አየ። "ይሄ ተሰብሯል እኮ።"

"አልትራሳውንዱ መቼ ይደገማል?"

"ከሁለት ሰዓት በኋላ።"

"እንግዲያው ክንዴንም ከሁለት ሰዓት በኋላ ያዩልኛል" አለችና ክንዷን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው።