ወደ ግራ የሸሸ ፍንጭት

ዘይና ሂና የተቀቡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስኪደርቅ እየጠበቀች ሳለ ነው የአጥንት አጥኚዎች መኪና በሩ ላይ የቆመው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ከሰንበቴ ከተማው የፍየል ነጋዴ ከቶፊቅ ጋር ኒካሕ ሊታሰርላት ነበር።

ባሏ ሲራጅ በጦርነቱ ሰሞን ከብት ሊሸጥ እንደወጣ ቀርቷል። አምና ክረምት ጎርፉ ከመንደሩ በታች ያለውን ገደል ሲንደው የላይኛው መንጋጋ ቁራጭ ከነጥርሱ ወጣ። አማቷ እመት ዙቤይዳ እንደ ሲራጅ ወደ ግራ የሸሸውን ፍንጭት አይታ «የልጄ ነው» አለች። እናትን ማን ይከራከራል? እንደ ድንጋይ መክበዱን ያስተዋሉ ነበሩ፤ ሲራጅ በቁሙም ቀላል ሰው አልነበረም ተባለና ታለፈ። ተከፈነ፣ ተሰገደበት፣ ተቀበረ። ዘይናም ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት ሳታገባ የምትቆይበትን ጊዜ፣ ጨረሰች። የመንጋጋው ፎቶ ግን ከስልክ ስልክ ሲዞር አዲስ አበባ ደረሰ።

አጥኚው ኤርሚያስ ትሁት ሰው ነው፤ ብዙ ዳር ዳር ካለ በኋላ ነው የተናገረው። የተቀበረው በሚዮሲን ዘመን፣ ሰው ከመኖሩ እጅግ በፊት የነበረ፣ ዘሩ የጠፋ ዝንጀሮ መሳይ ፍጥረት ነው፤ ፍንጭቱም የዝርያው ሁሉ ነው አለ። መቃብሩ ይከፈትልኝ ብሎ ለመነ። እመት ዙቤይዳ በዱላ ታባርረዋለች ብሎ ሰዉ ሁሉ ሲጠብቅ ፊቷ በራ።

«ቆፍሩት» አለች። «ልጄ አልሞተም።»

ዘይና ከመካነ መቃብሩ አጥር ዳር ቆማ አየች። መንጋጋው ከከፈኑ ሲወጣ አንድ ጎረቤቷ፣ ዝንጀሮ በሶላት የሚሸኝበት አገር የኛ ጨፋ ብቻ ነው ብሎ ቀለደ፤ ሳቁ ቶሎ ተዛመተ። እሷ ኒካሑን ሊያስሩላት የመጡትን ሸህ አቡበከርን ብቻ ታይ ነበር።

«ልጄ፣ ኒካሑን የፈቀድነው ሟች አለ ብለን ነው» አሉ ሸሁ፣ መሬት መሬት እያዩ። «አሁን ሟች የለንም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ቃዲ እስኪያዩት ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«አላሁ አዕለም፤ እሱ ያውቃል።»

ቶፊቅ ለድግሱ ካመጣቸው ፍየሎች ያልታረዱትን እየነዳ ተመለሰ፤ ለስንብት እንኳ አልገባም። ኤርሚያስ መንጋጋውን በጥጥ ጠቅልሎ፣ እንዲህ ያለ ደህና ጥርስ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮ፣ ዘይናን ደጋግሞ አመሰገናት። በደንብ አስቀምጣችሁ አቆያችሁልን አላት።

ማምሻውን እመት ዙቤይዳ የልጇን መኝታ አነጠፈች። ከዚያ አሸዋና ባልዲ ውሃ አምጥታ ዘይና ፊት አስቀመጠች።

«ሂናውን እሺው። ልጄ ሲመጣ እንዳያይብሽ።»

ዘይና አሸችው። ሂናው ውሃ በነካው ቁጥር እየደመቀ ሄደ።

እመት ዙቤይዳ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል «ጨምሪ» አለች።