በእርሳስ የተሸፈነ ጉንጭ

ተናኘ ከላፍቶ እስከ መካኒሳ በታክሲ የመጣችው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው። ኢያቄም በሩን ሲከፍትላት ነጠላው በደም ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። በሞቀ ውሃ አርሰው ሲያላቅቁት የተሰበረ ጥርስ አብሮ ወጣ።

«በክርኑ ነው፣ ጋሼ» አለችው። «እጁንማ ለምጄዋለሁ።»

የመታት ባሏ ሚሳኤል የኢያቄም ታናሽ ወንድም ነው። ባለፈው ሲታረቁ «ዳግመኛ እጁን ቢያነሳባት እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ዋስ የሆነውም ይኸው ኢያቄም ነበር። ያለ ዋስ እርቅ የለም፤ ዋሱ የባል ታላቅ ወንድም ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ሌላ ሰው አይጠይቅም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እሱ ቤት ሊመጡ ነው። አሁንም «እሺ» ካለ ተናኘ ወደ ላፍቶ ትመለሳለች። ኢያቄም ደግሞ ሰው ሲያወራ የሚሰማ፣ ጸሎቱን እንኳ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ የሚያደርስ ሰው ነው። «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ የለም።

እጁ ግን ሥራ አይፈታም። የካሜራ ጥገና ማንም አላስተማረውም፤ እየፈታ እየገጠመ ነው የለመደው። ሰሞኑን የእናቱ ሙት ዓመት ስለደረሰ ፎቶዋን በትልቁ ሊያሳጥብ አስቧል። አባታቸው ገብረ መድኅን ጎፋ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሲሞቱ ለኢያቄም የደረሰው እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ የቆዳ ወናፍ ያለው ትልቅ ካሜራ፣ የፎቶ ማሳደጊያው ሌንስና አንድ ሣጥን ኔጌቲቭ ነው። ወናፉን ከአሮጌው ካሜራ ላይ ነቀለና ከፊቱ የማሳደጊያውን ሌንስ፣ ከኋላው ዲጂታል ካሜራውን ገጠመ። የሚያያይዛቸውን ቀለበት ከአሉሚኒየም የቆረጠለት ባለ ቶርኖው ሃምዛ ነው።

«ሽማግሌውን ከኮረዳ ልታጋባ ነዋ!» ብሎ ሃምዛ ስቆበታል።

የወናፉ እጥፋት የተበሳበትን በጥቁር ፕላስተር ደፈነው። ወናፉ በተሳበ ቁጥር ደቃቁ ነገር ይተልቃል፤ የጤፍ ፍሬ የወፍጮ ድንጋይ አክላ ትታያለች።

እሁድ ከቅዳሴ እንደተመለሰ መጋረጃውን ዘጋ። የእናቱን ኔጌቲቭ ከሣጥኑ አውጥቶ ነጭ ፕላስቲክ ላይ አስተኛና ከሥሩ የስልኩን መብራት አበራ። በዚህ ርቀት ትንፋሽ እንኳ ምስሉን ያደበዝዘዋልና ትንፋሹን ውጦ አነሳ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ገለበጠው።

የእናቱ ጉንጭ ስክሪኑን ሞላው። ከዓይኗ ሥር፣ ከጉንጯ አጥንትና ከከንፈሯ ጥግ ላይ ብቻ፣ እንደ ጥፍር የቆለመሙ ደቃቅ ጭረቶች ተደራርበዋል።

«ምንድን ነው?» አለች ተናኘ ከኋላው።

«እርሳስ ነው። ፊት ላይ ጠባሳ ካለ አባዬ ኔጌቲቩን በሾለ እርሳስ ይቀባው ነበር። ኔጌቲቩ ላይ የጠቆረ ሲታጠብ ነጭ ሆኖ ይወጣል።»

«እማማ ጠባሳ ነበረባቸው እንዴ?»

ኢያቄም ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሮ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ እያለ እርሳሱን ጠረገውና እንደገና አነሳ።

ከዓይኗ ሥር ጠቁሮ አብጧል። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ጉንጯ አጥንት ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ምልክት ታትሟል፤ የአባቱ ቀለበት ነው። ልጅ ሳለ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ጭንቅላት ከበር ሲላተም ሰምቷል። ሲነጋ «ወደቅኩ» ትላለች። ሰው ሲጠይቀው እሱም «ወደቀች» ይላል። የሰበራት ሰው ቁጭ ብሎ፣ እርሳስ ቀርጾ፣ ፈገግ ያለች ሴት አድርጓት ነበር።

በሩ በእርግጫ ተበረገደ።

«ጋሼ! ሽማግሌዎቹ እየመጡ ነው። እንዳለፈው ነው አይደል?» አለ ሚሳኤል። ወዲያው ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እማዬ ናት። እርሳሱን ጠርጌው ነው።»

«ውሸታም! አባዬ ዝንብ አይገድልም ነበር! የሞተ ሰው ገመና ትፈጥራለህ?»

«አንተ ገና ጡት ትጠባ ነበር። እኔ እሰማ ነበር።»

ሚሳኤል ከጠረጴዛው ላይ መዶሻ አነሳ። መጀመሪያ ሌንሱን መታው፤ ስባሪው ግድግዳው ላይ ተረጨ። ወናፉን በእጁ ጨብጦ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ስክሪኑን ሲመታው ግማሹ ጨለመ። ኔጌቲቩን ሊወስድ ሲል ኢያቄም መዳፉን ከደነበት። መዶሻው ጣቶቹ ላይ ወረደ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ፤ መዳፉ ግን አልተነሳም።

«ልቀቅ!»

«አለቅም።»

የሚሳኤል ክርን አፉ ላይ አረፈ። ኢያቄም ከነወንበሩ ተገለበጠ፤ ኔጌቲቩ እጁ ውስጥ ነው። ሚሳኤል መዶሻውን ደግሞ ሲያነሳ ተናኘ የካሜራውን የብረት ማቆሚያ በሁለት እጇ አንስታ ክንዱ ላይ አሳረፈችበት። መዶሻው ወደቀ። ሚሳኤል እየጮኸ ተንበረከከ።

«ቤቶች!» አለ ድምፅ ከደጅ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከፊት ያሉት የእድሩ ዳኛ አባባ ለታ ናቸው። ሚሳኤል ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ፤ ድምፁም በአንድ ጊዜ ለዘበ። «ግቡ አባባ። ጋሼ ወንበር ላይ ወጥቶ ወድቆብን ነው፣ ተደናግጠን . . .»

አባባ ለታ ስባሪውን እየረገጡ ተጠጉ። «ኢያቄም፣ ፊትህን ምን ነካው?»

«ወደቅኩ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ለቃሉ እንግዳ አይደለም፤ ከእናቱ ወተት ጋር የጠጣው ነው። ባልጨለመው የስክሪኑ ግማሽ ላይ የእናቱ ጉንጭ አሁንም ይታያል። ደሙን ተፋ።

«አልወደቅኩም። በክርኑ መታኝ። እሷንም በክርኑ ነው የመታት። እማዬንም አባዬ እንዲሁ ይመታት ነበር። ዋስ አልሆንም።»

«ጋሼ!» አለ ሚሳኤል።

«አይሆንም አልኩህ።»

አባባ ለታ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ዋስ የሚሆነው አለ?» አንዱ ከዘራውን አየ፣ ሌላው ጋቢውን ሰበሰበ። ሚሳኤል ክንዱን አቅፎ ሁሉንም በየተራ ተመለከተ፤ እሱን ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

«ልጄ» አሏት ሽማግሌው ተናኘን። «ልብስሽ፣ ዕቃሽ የት ነው?»

«ላፍቶ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው እኛ እንሂድና እናምጣልሽ። አንቺ የዚህን ሰው ጣት እሰሪለት።»