የአንድ ሱቅ ሁለት ፓርቲዎች

«ይህ ሱቅ ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ በሁለት መደርደሪያ እንደሚሸጥ ለክቡራን ሽማግሌዎች በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ» አለ አብዱረዛቅ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ። ሳጥኑ ላይ ለምን እንደወጣ አልታወቀም። የጣሪያው ቆርቆሮ ዝቅ ያለ ስለነበር አዋጁን ያሰማው አንገቱን ሰብሮ ነው።

ክቡራን ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። ጋሽ ሽጉጤ ፎርድስበርግ በሚባለው የንግድ ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ የተጣላ ሁሉ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ዶክተር ዮአዳን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ታሪክ ታስተምራለች፤ ሽማግሌ ተብላ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። እዚህ ከከተማ ዳር ያለው የድሆች ሰፈር፣ ዛንድስፕሩት ድረስ መጥታ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ የተቀመጠችው ጠቡ ሙያዋን ስለሚነካ ነው።

ጠቡ በሱቁ ሁለት ባለቤቶች፣ በአብዱረዛቅና በሀቢሶ መካከል ነው። የሀቢሶ ወንድም ሲያትል ይኖራል፤ ስለዚህ ሀቢሶ ዴሞክራት ነው። የአብዱረዛቅ የአክስት ልጅ ዳላስ ይኖራል፤ ስለዚህ አብዱረዛቅ ሪፐብሊካን ነው። ሁለቱም አሜሪካን አይተው አያውቁም፤ በስደት የሚኖሩበት አገርም ቢሆን ድምፅ ስጡ ብሏቸው አያውቅም። አንድ ቀን ቲክቶክ ሲያዩ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብቶች ሕግ ያወጣው የማን ፓርቲ ነው የሚል ነገር ተነሳ። «የኛ» አለ አንዱ። «የኛ» አለ ሌላው። ቃል ቃልን ሲመዝ ሰላምታ ቀረ። ይኸው አሁን ሱቁን የሚከፍቱት ቀን እየተለዋወጡ ነው።

ሀቢሶን የጨነቀው ግን ሌላ ነበር። አብረው ሲሠሩ አንዱ በብረት ፍርግርጉ መስኮት ላይ ይቆማል፤ ዘራፊ ቢመጣ ቀድሞ እንዲያይ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። ዕቃ ሲፈልግ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ሌላው ያቀብለዋል። አሁን ብቻውን ነው፤ ስኳር ለማንሳት ዞር ባለ ቁጥር ጀርባውን ይበርደዋል። ሱቁ ከተከፈለ ይህ ብርድ የዕድሜ ልክ ሊሆን ነው። ግን ማን ወንድ ነው በሽማግሌ ፊት «ፈራሁ፣ ተመለስልኝ» የሚል? ስለዚህ ስለ አሜሪካ ተናገረ።

«የ1964ቱን ሕግ የፈረመው የኔ ሰው ነው!»

«የፈረመ ሁሉ ሠራ ማለት ነው እንዴ? ዶክተር፣ እስቲ ንገሪው» አለ አብዱረዛቅ።

«ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አለች ዶክተር ዮአዳን። ይህ ማንንም አላስደሰተም። «የፈረሙት ፕሬዚዳንት ዴሞክራት ናቸው። ሕጉ ሴኔት ውስጥ ድምፅ እንዳይሰጥበት ከሁለት ወር በላይ ንግግር እየቀጣጠሉ ያገቱትም በአብዛኛው የደቡብ ዴሞክራቶች ናቸው። እገታውን ለመስበር የሪፐብሊካኖች ድምፅ የግድ ነበር፤ በመቶኛ ካየነው ከዴሞክራቶች የበለጠ የደገፉት እነሱ ናቸው።»

«ሰማህ?» አለ አብዱረዛቅ።

«አልጨረስኩም። በዚያው ዓመት ሪፐብሊካኖች ለፕሬዚዳንትነት ያቀረቡት ሰው ሕጉን የተቃወመ ነው። ከዚያ በኋላ የደቡብ ነጮች ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን ዞሩ።»

ጋሽ ሽጉጤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ሲነቀንቁ ሰው ገብቷቸዋል ብሎ ያምናል። «ንግግር እየቀጣጠሉ ስትዪ?»

«ይነሱና ይናገራሉ፣ ጋሽ ሽጉጤ። እነሱ ካላቆሙ ድምፅ አይሰጥም።»

«ታዲያ በቃችሁ የሚላቸው ሽማግሌ የለም?»

«ሽማግሌዎቹ እነሱ ናቸው።»

ጋሽ ሽጉጤ ይህን ሲሰሙ ለራሳቸው ሥራ እንኳ ትንሽ የሰጉ መሰሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደሚያውቁት ገቡ። «እንግዲህ ነገሩ የጎሳ ነገር ነው። አንድ ጎሳ ውስጥ ያሉ ሰዎች በደሉ። ቆይተው ጎሳቸውን ትተው ሌላው ዘንድ ተጠጉ። ካሣው የሚጠየቀው ማን ነው? የድሮ ጎሳቸው ነው ወይስ ያስጠጋቸው?»

ዶክተር ዮአዳን ጥያቄውን ስልኳ ላይ ጻፈችው።

«የድሮው ነዋ!» አለ ሀቢሶ በሙሉ ልብ። አባቱ አገር ቤት እንዲህ ሲፈርዱ ሰምቷል።

«ተው እንጂ! ያስጠጋቸው ነው የሚከፍል። በዳይን አስጠጋ ማን አለው?» አለ አብዱረዛቅ።

ሀቢሶ በልቡ አሰላው፤ የድሮው ጎሳ ዴሞክራት ነው፣ ዴሞክራት ደግሞ እሱ ራሱ ነው። የአብዱረዛቅም ፊት ተለወጠ፤ ያስጠጋው የእሱ ፓርቲ ነዋ።

«ማለቴ… ያስጠጋቸው» አለ ሀቢሶ።

«የድሮው» አለ አብዱረዛቅ፣ እኩል አፍ ገጥሞ።

«አሁን እኮ ቦታ ተለዋወጣችሁ» አለች ዶክተር።

«እነሱስ ተለዋወጡ አላልሽም?» አለ ሀቢሶ። የጠየቀው ለመከራከር አልነበረም፤ ከልቡ ግራ ገብቶት ነው።

ጋሽ ሽጉጤ እጃቸውን አነሱ። «ስንቱን አስታርቄያለሁ፤ አሜሪካን ግን አልቻልኩም። ሱቁ ይከፈል። ግራው መደርደሪያ የሀቢሶ፣ ቀኙ የአብዱረዛቅ። ማንም ወደ ማንም መደርደሪያ እጁን አይስደድ። ተስማማህ ሀቢሶ?»

«ተስማምቻለሁ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«አንተስ?»

«በደስታ» አለ አብዱረዛቅ፣ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው።

ጋሽ ሽጉጤ ለምርቃት ሲነሱ የመስኮቱ ፍርግርግ ተንኳኳ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው አሮጊት ናቸው።

«ማይ ፍሬንድ! ብሬድ!»

ቅርብ የነበረው ሀቢሶ ነውና ተነስቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። «ሳውቦና ጎጎ» ሲል በአገሬው ቋንቋ ሰላም አላቸው። ከጎጎ ኋላ አንዲት መኪና ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች፤ መስታወቶቿ ጥቁር ናቸው። ሀቢሶ ዓይኑን ተከለባት፤ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

ዳቦው መዳፉ ላይ አረፈ። ከቀኙ መደርደሪያ ነበር።

ምርቃቱ ጋሽ ሽጉጤ አፍ ውስጥ ቀረ። ዶክተር ዮአዳን ከረጢቷ ላይ ቀና አለች።

መኪናዋ ተንቀሳቅሳ ሄደች። ሀቢሶ ዳቦውን በፍርግርጉ አሳልፎ ሰጠና ሳይዞር እጁን እንደገና ወደ ኋላ ሰደደ። ጎጎ ሁልጊዜ ወተት ይጨምራሉ።

ወተቱ መጣ።